የቅዳሜው የድምጽ ሙከራ

ውድ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፒያሳ በተለመደው ክፍላችን ተገናኝተን ራሱን እየደጋገመ የሚዞር ድምጽ እንሠራለን።

ማይክሮፎን ወደ ድምጽ ማጉያ ሲጠጋ የሚወጣውን ፉጨት በሰርግ ድንኳን ያልሰማ የለም። ድምጹ ከማጉያው ወጥቶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ጎልቶ ይወጣል፤ ተመልሶ ይገባል። ሌላው ሰው ሊያጠፋው ይሯሯጣል፤ እኛ ልንገራው ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይክ በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳደረገው ማይክሮፎኑን ከማጉያው በላይ በገመዱ አንጠልጥለን እናወዛውዘዋለን፤ በማጉያው ላይ ባለፈ ቁጥር ይጮሃል፤ ውዝዋዜው ሲቆም ጩኸቱ አንድ ወጥ ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ በእጅ የሚሠራ መሣሪያ ነው። እኔ አንድ አሮጌ የብስክሌት ጎማ አዘጋጅቻለሁ። ጠርዙ ላይ የታሰረችው የዶሮ ላባ ጎማው በዞረ ቁጥር የክራሩን ክር ትነካለች። ጎማው ስለተጣመመ ምቱ ትንሽ ያነክሳል፤ እባካችሁ ማንም እንዳያቃናው፣ ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

ባዶ ጣሳ፣ ሽቦ፣ የተበላሸ አሻንጉሊት ሞተር፣ ትርፍ የክራር ክር ወይም የመሰንቆ ጭራ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ሞተሮቹ በባትሪ ብቻ ይሠራሉ። ማጉያው ከዝቅተኛ ድምጽ ይጀምራል፤ በጆሮ ማዳመጫ መሞከር ክልክል ነው። ለጎረቤት ስንል 11 ሰዓት ላይ እናበቃለን።

መምጣታችሁን፣ የምታመጡትን ዕቃና ሙከራው ይቀረጽ ወይስ አይቀረጽ የሚለውን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።