የእናቴ ሹሩባና የኤርፖርቱ ማሽን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ ፍተሻው ላይ ያጋጠመንን ልንገራችሁ። እማዬ ያለ ጭቅጭቅ ተሰለፈች። ማሽኑ ውስጥ ገብታ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ስክሪኑ ላይ የሰው ቅርጽ ወጣ፤ ጭንቅላቱ ላይ ቢጫ ሳጥን። ለካ ሹሩባዋ ነው! ፈታሿ ጓንት አጥልቃ ጉንጉኑን አንድ በአንድ ዳሰሰችው፣ ሰልፉ ሁሉ እያየ። «ከሹሩባ ሠሪዬ ሌላ ማን ነክቶት ያውቃል?» አለችኝ በኋላ።

ፍተሻውን አልቃወምም። እ.ኤ.አ. በ2009 በፈረንጆቹ ገና ዕለት አንድ ሰው በውስጥ ሱሪው ፈንጂ ደብቆ ወደ ዲትሮይት በሚበር አውሮፕላን ተሳፍሮ ነበር። ማሽኖቹ የበዙት ከዚያ ወዲህ ነው። በኤክስሬይ የሚሠሩት የያኔዎቹ እርቃን ገላ የሚመስል ምስል ያሳዩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአሜሪካ ኤርፖርቶች ተነሱ። የዛሬዎቹ የሚያሳዩት ለሁሉም አንድ ዓይነት ስዕል ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፣ አልክድም።

የከነከነኝ ሌላ ነው። ተፈታሽ ለብቻ ክፍል ውስጥ፣ በጾታ አቻው፣ ዘመዱ አብሮት ቆሞ እንዲፈተሽ መጠየቅ ይችላል። ይህን ማንም አልነገረንም፤ እኔም ያወቅሁት ቤት ገብቼ ሳነብ ነው። ቲኬት የምትሸጡልን ወገኖች፣ በአማርኛ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ከቲኬቱ ጋር ብትሰጡን ምናለ?

እማዬ ለመልሱ ጉዞ ሹሩባዋን ልትፈታ አስባለች። እኔ እንዳትፈታው እየለመንኳት ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ