ጀነሪክ ማለት ፎርጅድ ማለት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እናቴ የኮሌስትሮል ክኒንና ስለ ጀነሪክ መድኃኒት፣ ማለትም የመጀመሪያው አምራች የባለቤትነት መብት ሲያበቃ ሌሎች ድርጅቶች በዚያው ንጥረ ነገር ስለሚሠሩት መድኃኒት ነው። ብዙ ቤት ያለ ጉዳይ ስለመሰለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ጋ ሄዳ ስትመረመር፣ መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤል 168 ሆኖ ተገኘ። አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ታዘዘላት። በጥቂት ወራት 92 ወረደ። ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላም ክኒኑ ሰው በመጣ ቁጥር በሻንጣ ይመጣላት ነበር። ባለፈው ክረምት ግን የሚመጣ ሰው ጠፋ፤ ክኒኑም አለቀ። እኔም የሐኪም ማዘዣ ይዤ ሰፈራችን ካለ ፋርማሲ ህንድ ሠራሹን አቶርቫስታቲን ገዛሁላት። ባለሙያው እያሸገ፣ “ኦሪጅናሉን ብታስመጪላት ይሻል ነበር” አለኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ “እየወሰድኩ ነው” ትለኛለች፤ እኔም አምናታለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ስትመረመር 161። ፓኬቱ ሳይነካ መሳቢያዋ ውስጥ ተገኘ። “ልጄ፣ የአሜሪካው እስኪመጣ ልጠብቅ ብዬ ነው” አለችኝ።

ያን ዕለት ማታ ከአሜሪካ የመጣውን ባዶ ብልቃጥ አወጣሁት። ብርቱካናማ ፕላስቲክ ነው፣ ነጭ ክዳን ያለው። ወረቀቱ ላይ የሚነበበው “አቶርቫስታቲን” ነው፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል “የሊፒተር ጀነሪክ” ይላል። ሊፒተር ኦሪጅናሉ አቶርቫስታቲን የሚሸጥበት የንግድ ስም ነው። እህቴ ጋ ደወልኩ። “እዚህ እኮ ሁሉም የሚወስደው ይሄንኑ ነው” አለችኝ። እናቴ “የአሜሪካው” እያለች የምትጠብቀው ለካ ራሱ ጀነሪክ ኖሯል!

እውነቱም ይኸው ነው። የሊፒተር የባለቤትነት መብት አሜሪካ ውስጥ ያበቃው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ነው። ዛሬ እዚያ አገር በማዘዣ ከሚወጡ አሥር መድኃኒቶች ዘጠኙ ጀነሪክ ናቸው። ዋጋው የሚቀንሰው ንጥረ ነገሩ ስለቀነሰ አይደለም። መጀመሪያ ያወጣው ድርጅት ለዓመታት ምርምርና የሕክምና ሙከራ ገንዘብ አፍስሷል፤ ተከትሎ የሚያመርተው ያንን ወጪ አይደግመውም። ነገር ግን ክኒኑ ደም ውስጥ የሚገባው ከኦሪጅናሉ ጋር በሚመጣጠን መጠንና ፍጥነት መሆኑን ማሳየት አለበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንዲህ ያሉ 2,070 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያይ፣ ያገኘው አማካይ ልዩነት 4 በመቶ ገደማ ነው።

የሰዉ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ፎርጅድና ኮንትሮባንድ መድኃኒት አለ። ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አስመሳዮች እንዲያውም ውዱንና ስመ ጥሩን ይወዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐሰተኛ ሊፒተር እዚያው አሜሪካ ተገኝቶ በሚሊዮን የሚቆጠር ክኒን ከገበያ ተሰብስቧል። መጠየቅ ያለብን መድኃኒቱ በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን፣ ፋርማሲው ሕጋዊ መሆኑን፣ የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን ነው። በሻንጣ የመጣውን ማን ይመዘግበዋል?

እናቴ አሁን ህንድ ሠራሹን ትወስዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት “ጡንቻዬን ያዘኝ” ብላ ነበር። ዋሽታለች አልልም፣ ሕመሙ ተሰምቷታል። እንግሊዝ አገር በስታቲን (አቶርቫስታቲን በሚመደብበት የኮሌስትሮል መድኃኒት ዓይነት) ምክንያት ታመምን ብለው ያቋረጡ 60 ሰዎች ላይ ጥናት ተደርጎ በ2020 ወጥቷል። ከሚሰማቸው ሕመም 90 በመቶው መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ክኒን ሲውጡም ይሰማቸው ነበር። እኛም ሐኪሟን አማከርን፣ ቀጥዪ አሏት፣ ሕመሙም ለቀቃት። ሽንት ጠቆር ካለና ሕመሙ ከበረታ ግን በፍጥነት መታየት ያስፈልጋል።

በዚህ ጉዳይ የፋርማሲ ባለሙያዎቻችን ቃል ከባድ ነው። ያቺ “ይሻል ነበር” የምትል ቃል እናቴን ሦስት ወር ያለ መድኃኒት አስቀርታለች። የጎረቤታችን አባት ደግሞ ሊፒተር አንድ፣ አቶርቫስታቲን አንድ እያሉ በየቀኑ ሁለቱንም ይውጡ ነበር፤ የተለያዩ መድኃኒቶች መስለዋቸው ነው። አምራቹ ሲለወጥ የክኒኑ ቀለምና ቅርጽም ይለወጣል፤ አዛውንቶች ይደናገራሉ። ባለሙያዎች ሆይ፣ እባካችሁ ፓኬቱ ላይ የመድኃኒቱን ዋና ስም በአማርኛ፣ በትልቁ ጻፉላቸው። “ያው የበፊቱ ነው” በሏቸው። እናንተም አዘጋጆች በጤና አምዳችሁ ይህን ጉዳይ አንሡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ