የጣርማ በሩ ብየዳዬ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደብረ ሲና ውስጥ በብየዳ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጣርማ በር ቁልቁል ባለ አንድ መታጠፊያ ላይ የጭነት መኪና የገጨውን የመንገድ ዳር መከላከያ ብረት፣ ሹፌሮች ጋርድሬል የሚሉትን፣ እንድጠግን ተጠራሁ። ጉሙ ከመክበዱ የተነሳ መኪና መምጣቱን የምናውቀው በጥሩምባው ነበር። የተጣመመውን ቆርጬ ጣልኩ። በምትኩ ወፍራም ብረት አመጣሁና ከየቋሚው ጋር ዙሪያውን በየድኩት። የቋሚዎቹንም ስር በሲሚንቶ ሞላነው። «አሁን ታንክም አይነቀንቀው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ጥፋቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። ኢንጂነሪንግ የሚማረው የወንድሜ ልጅ በስልኩ የግጭት ሙከራ አሳየኝ። አሜሪካኖቹ 2,270 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አብርረው፣ በ25 ዲግሪ ከጋርድሬል ጋር ያላትሙታል። ቋሚው ይጎነበሳል። ብረቱ ከቋሚው ይላቀቅና እንደ መቀነት ተወጥሮ መኪናውን ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። የእኔው ግን ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ዱላው የሚያርፈው ተሳፋሪው ላይ ነው። በብረቱና በቋሚው መሃል የነበረችውንም ቁራጭ ትርፍ መስላኝ ጥያታለሁ። ለካ ጎማው ቋሚው ላይ እንዳይጠመድ የምታርቀው እሷ ናት!

እንዲህ ያለ ሙከራ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች እያዋጡ ነብራስካ ውስጥ ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ በጋራ ያስመረምራሉ። የእኛ ዕድር ድንኳን የሚገዛው በዚሁ ዘዴ አይደል? የመንገዶች አስተዳደር፣ ክልሎችና እንደ ደብረ ብርሃን ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ቢያዋጡ ምን ይሳናቸዋል? መኪና እንኳ ባያላትሙ፣ የተፈተነውን ወስደው ለእኛ ቁልቁለት የትኛው እንደሚሆን ይለዩልን። ለፒክአፕ የተፈተነ ብረት ፍሬን የበጠሰ፣ ጤፍ የጫነ አይሱዙን ይመልሳል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። እነሱ እንኳ ለጭነት መኪና ሌላ ደረጃ አላቸው፤ 10 ቶን፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር፣ በ15 ዲግሪ።

ከፍታውም ይታሰብበት። ነብራስካ ላይ ተፈትኖ የተሻሻለው ጋርድሬል ከመሬት 79 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግን አስፋልት በአስፋልት ላይ ስንደርብ ብረቱን ከፍ ማድረግ ማን ትዝ ይለዋል? መንገዱ በወጣ ቁጥር ብረቱ ያጥራል፤ መኪናም ይዘለዋል።

ሲገጭ ደግሞ እንደ እኔ ያለ በያጅ አይጠራ። እንደ መጀመሪያው ሆኖ የሚገጠም ቋሚና ብሎን ደብረ ብርሃን ላይ ይቀመጥ። ብየዳ እኮ ዝገት የሚከላከለውን ዚንክ ራሱ ያቃጥለዋል።

የእኔው ስራ አሁንም እዚያው መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ቆርጦ የሚያነሳ ከመጣ ቦታውን አሳያለሁ፤ መቁረጫውንም ይዤ እወጣለሁ።

አንድ በያጅ፣ ከደብረ ሲና