መጀመሪያ አየሩን ግዛ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ ደብረ ማርቆሶች እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መንገዱ ሲዘጋ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ በኋላም ዝምታው ልማድ ሆኖ ሳንጠያየቅ ከረምን። ሰሞኑን ከቡሬ የመጣ ሰው «ግቢው ውስጥ ብየዳ ቤት ከፍቷል፤ የባጃጅ ቸርኬ የሚያጸዳበት፣ አሸዋ መሰል ፍሬ በአየር ግፊት እየረጨ ዝገትና ቀለም የሚልጥ ሳንድብላስት ሊገዛ ነው» ሲለኝ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አውቅሃለሁ፣ ዓይንህ የሚያርፈው ፍሬውን በሚረጨው ሽጉጥ ላይ ነው። እሱ ርካሹ ዕቃ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አየሩ ነው። ሻጩ «8 ባር አለው» ቢልህ አትርካ፤ ግፊትማ ትንሿም ኮምፕሬሰር፣ አየር ማመቂያዋ፣ ትሰጣለች። በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደምታወጣ ጠይቅ። 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ኖዝል፣ የሽጉጡ አፍ፣ በ6 ባር በደቂቃ 500 ሊትር ገደማ አየር ይበላል፤ ባለ 2 የፈረስ ጉልበቷ ኮምፕሬሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ 200 እንኳ አትሞላም። ቀዳዳው በመበላት ብዛት 6 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ፍጆታው አራት እጥፍ ነውና ለኖዝሉ አትሰስት። በዚያ ላይ ቡሬ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ውኃ እንደበዛበት ጠላ ነው፣ ከቆላው ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋብሪካው የጻፈውን ቁጥር በዚያው ልክ ቀንሰህ አስብ።

ፍሬውን ከታመቀ ታንክ በግፊት የሚገፋው ባለታንኩ ማሽን ፈጣን ነው፤ ለአንተ ግን አየሩ ራሱ ፍሬውን የሚስብበት ሽጉጥ ይበቃሃል፣ ቀስ ቢልም። በያጅ ነህና «ታንኩን ከአሮጌ ጋዝ ሲሊንደር እሠራዋለሁ» ማለትህ አይቀርም። ተው! በግፊት የሚፈነዳ ብረት ማንንም አይምርም። እጅህ ካሳከከህ ዕቃውን ውስጡ አስገብተህ የምትረጭበትን ሳጥን ሥራ፦ ላሜራ፣ መስታወት፣ የእጅ ጓንት ቀዳዳ፣ መብራት፣ አቧራ መምጠጫ። የተረጨውም መልሶ ይሰበሰብልሃል።

የወንዝ አሸዋ ግን በፍጹም አታስገባ። ሲሰባበር የሚወጣው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን ያቆስላል፣ ያጠነክራል፤ መድኃኒት የለውም። በቱርክ ጂንስ በአሸዋ እየረጩ የሚያፈዝዙ ወጣቶች በዚህ በሽታ ሲያልቁ አገሪቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራውን ከልክላለች። ለዝገት ጋርኔት ወይም አልሙኒየም ኦክሳይድ የሚባሉት ጠንካራ ፍሬዎች፣ ለለስላሳ አልሙኒየም የመስታወት ፍሬ ይሻላል። ያኔም ቢሆን ነጠላ ጠምጥመህ አትግባ፤ የአሮጌ ቀለም ብናኝ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ማጣሪያ ያለው እውነተኛ ጭንብል አድርግ።

ክረምት ሲገባ ከኮምፕሬሰሩ ታንክ ሥር ያለውን ውኃ በየቀኑ አፍስስ፣ ከአየር መስመሩም ላይ ውኃ የሚያስቀር ማጣሪያ ግጠም፤ የረጠበ ፍሬ እየተጋገረ ኖዝሉን ይደፍነዋል።

ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ኮምፕሬሰሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የሚስበው አየር መጠን እንጂ የሚያወጣው አይደለም፤ አብረን እናየዋለን።

ወንድምህ