ወንድሜ ሆይ፣ የቮልሷን ጌጅ አታስነቅል

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ከተጻጻፍን ዘመን አልፏል። ስምህ ግን ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም፤ ቡና በተፈላ ቁጥር እናቴ «ያ ልጅ ሐዋሳ ምን በላው?» ማለታቸውን አልተዉም።

ሰሞኑን ከሐዋሳ የመጣ የድሮ የሰፈራችን ልጅ ፈረንጅ አራዳ ላይ አገኘኝና የአጎትህ ቮልስ አንተ እጅ መግባቷን አበሠረኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርህ አልችልም። ያቺ መኪና ለማያውቃት ሰው ባለመሸጧ ብቻ ለአጎትህ ነፍስ ጸለይኩ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። የነዳጅ ጌጇ አልሠራ ስላለ መካኒኩ፣ ከቤንዚን ማጠራቀሚያው ውስጥ ሆኖ ልኩን ለጌጁ የሚናገረውን ዕቃ፣ «ሴንሰሩን ነቅለን ቀዳዳውን እንድፈነው፤ በእንጨት እየለካህ ንዳ» ብሎሃል አሉ። እባክህ ይህን አታድርግ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ለዚህ ነው።

በእንጨት መለካት የሚያምርባቸው ቮልሶች አሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1961 የተሠሩት ጌጅ ያልነበራቸው ናቸው፤ ሹፌሩ ሞተሩ ሲንተፋተፍበት በእግሩ አጠገብ ያለችውን ማዞሪያ ገልብጦ በመጠባበቂያው ቤንዚን ይደርሳል። ከዚያ ቀጥሎ የመጡት ደግሞ ቤንዚኑ ላይ ከሚቀመጠው ተንሳፋፊ እስከ ጌጁ በተዘረጋ ገመድ የሚሠሩ ናቸው። የአጎትህ ግን ከ1968 ወዲህ ከተሠሩት ነች። ጌጁ ከፍጥነት መቁጠሪያው ክብ ውስጥ መግባቱን አስታውስ፤ የኋላ ወንበር ላይ ተንጠራርተን፣ አጎትህ ቁልፉን ሲያዞሩ ያቺ ቀጭን መርፌ ቀስ ብላ ስትነሣ እናይ ነበር። ለምን ቀስ እንደምትል ያኔ አልገባንም። ጌጁ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያሞቃት ስስ ብረት አለች፤ ስትሞቅ ትታጠፋለች፣ መርፌዋን የምትገፋውም እርሷ ነች። መንገዱ ኮረኮንች ሆኖ ቤንዚኑ ቢናጥም መርፌዋ የማትዘለው በዚሁ ምክንያት ነው። ወንድሜ፣ ይህን የመሰለ ሥራ ተነቅሎ ይጣል?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የአባቴን ቮልስ ጌጅ ያበጀሁት እኔው ራሴ ስለሆንኩ የምነግርህ በእጄ የነካሁትን ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የጌጁ ይሁን የሴንሰሩ ለይ። የፊት ኮፈኑን ክፈት፣ በሳልቫትዮው፣ በቤንዚን ማጠራቀሚያው ማለቴ ነው፣ ላይ ያለውን የካርቶን ክዳን አንሣ፤ ሴንሰሩ አናቱ ላይ በአምስት ብሎኖች ታስሮ ታገኘዋለህ። ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ፍታና፣ ቁልፉን ከማዞርህ በፊት፣ ጫፉን ከሳልቫትዮው ራቅ ባለ ንጹሕ የመኪናው ብረት ላይ እሰረው። ከዚያ ቁልፉን አዙር። መርፌዋ ወደ ሙሉ ከወጣች ጌጁና ሽቦው ጤነኞች ናቸው፣ ችግሩ ከሴንሰሩ ነው። እንደታሰረ አታቆየው፤ መርፌዋ መነሣቷን እንዳየህ ቁልፉን መልስ። ካልተነሣች ግን ሴንሰሩን ሳትነካ ፊውዙንና ከጌጁ ጀርባ ያለችውን ኤሌክትሪኩን የምትመጥን ትንሽ ዕቃ አስፈትሽ። ቡናማውንም ሽቦ እንዳትረሳ። በጀርመን መኪኖች ቡናማ ሽቦ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ነው፤ ጫፉ ከዛገ ጤነኛው ሴንሰር ሁሉ እንደሞተ ይቆጠራል። ብዙ ሴንሰር የተጣለው በዚህች ዝገት ይመስለኛል፤ በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ቢታሽ ይድን የነበረ።

ሴንሰሩን ከማውጣትህ በፊት አንድ ነገር ከልብህ ስማኝ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ፍታ፤ ሥራውንም ደጅ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ አድርገው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ተስቦ እሳት ያለበት ድረስ ይሄዳል። ባዶ የሚመስለው ሳልቫትዮ ከሞላው ይልቅ ያስፈራል፣ ውስጡ ትነት ነውና። እኔ በምሠራበት ቀን ጎረቤታችን እትዬ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ቡናውን ከነከሰሉ ግቢያችን ይዘው መጡ። ጅማ ውስጥ ቡና ይዞ የመጣን ሰው መመለስ እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ታውቃለህ፤ ቢሆንም ምድጃውን ከአጥሩ ማዶ አስደርጌ ስኒውን እዚያው ሄጄ ጠጣሁ።

ብሎኖቹ ሲፈቱ የሚወጣው ክንድ የማትሞላ የብረት ቱቦ ነው። ገልብጠህ ወደ ጆሮህ አስጠጋው፤ ተንሳፋፊው ውስጡ ሲንሸራተት መሰማት አለበት። የእኔው ድምፅ አልነበረውም። ከታች ያለችውን መያዣ ፈትቼ ቱቦውን ሳወጣ የቆመ ቤንዚን ዘመን ቆጥሮ እንደ ማር የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ሆኖ ተንሳፋፊውን ይዞታል። በሁለት በኩል ጠጉር የመሰሉ ሽቦዎች ተወጥረዋል፤ ተንሳፋፊው ከቤንዚኑ ጋር ሲወጣና ሲወርድ ሁለቱን በጎኑ እየነካ ያገናኛቸዋል። አንደኛዋ ከታች ጫፏ ተበጥሳ ነበር። በንጹሕ ቤንዚንና በለስላሳ ብሩሽ አጠብኩት፤ የተበጠሰችውን ከመያዣዋ ጋር መልሼ አሰርኳትና ሬዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ሊድ አጸናኋት። ይህን የሠራሁት ሴንሰሩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፣ ከሳልቫትዮው ርቄ ነው። እነዚህን ሽቦዎች በጨርቅ አትፈትግ፤ በትንፋሽ የሚበጠሱ ናቸው።

ሴንሰሩን ከመመለስህ በፊት በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር፣ ለካው። ተንሳፋፊው ታች ሲሆን ወደ 70 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ ላይ ሲደርስ ወደ 10 ኦም ማንበብ አለበት። ዋናው ነገር በመሐል ያለው ጉዞ ነው፤ ቱቦውን ቀስ እያልክ ስትገለብጥ ቁጥሩ ሳይዘል ከወረደ ተሳክቶልሃል፤ አንድ ቦታ ላይ ከጠፋ ሽቦው እዚያ ቆሽሿል ወይም ተበልቷል።

መዳን ካልቻለ በአዲስ መተካት ነው፤ ግን ቀዳዳው ላይ ልክ ስለገባ ብቻ የሌላ መኪና ሴንሰር አትግዛ። መለዋወጫ ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ይልሃል። አንድ አይደለም። የድሮዎቹ ፎርዶች ባዶ ሲሆኑ 73፣ ሲሞሉ 10 ኦም ናቸው፤ ከ1965 ወዲህ የነበሩት የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ግን በተቃራኒው ከ0 ተነሥተው 90 ይደርሳሉ። እንዲህ ያለው የተገላቢጦሽ ሴንሰር ቮልስህ ላይ ቢገጠም ሳልቫትዮው ሲጎድል ጌጁ «ሙሉ ነው» ይልሃል። የሚዋሽ ጌጅ ይዞ ጊቤ በረሃ ከመውረድ ጌጅ አለመኖሩ ይሻላል።

ከሴንሰሩ ሥር ገብቶ ቤንዚን እንዳያፈስ የሚያሽገውን ጓርኒሲዮንም አዲስ አድርገው። መካኒኮቻችን ከአሮጌ ካላማደሪያ (ከጎማ ውስጥ ከሚነፋው ላስቲክ) ቆርጠው የሚያስገቡት ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፤ ሲሊኮን መቀባትም አያዋጣም። ቤንዚን የሚችል ጎማ ወይም ቡሽ ፈልግ። አጎትህ በሞቃት ቀን መስኮት ከፍተው ይነዱ የነበረው ለነፋሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ያ የቤንዚን ሽታ ከዚያው ነበር።

ሲያልቅ ወደ 40 ሊትር የሚይዘውን ሳልቫትዮ አምስት አምስት ሊትር እየጨመርክ መርፌዋ የት እንደምትቆም ወረቀት ላይ ጻፍ። ማደያው ሁሉ «ቤንዚን የለም» በሚልበት ሰሞን ያቺ ወረቀት ገንዘብ ነች። እኔ ከጅማ አጋሮ ደርሶ መልስ ስሄድ መርፌዋን አይቼ ብቻ እነሣለሁ፤ ማንንም አልጠይቅም።

ሴንሰሩን ስታወጣ ላይና ታች ያነበብከውን ቁጥር ላክልኝ፤ ይዳን አይዳን ከዚህ ሆኜ እነግርሃለሁ። አዲስ ካስፈለገ የአባቴን ናሙና ይዤ እዚህም አዲስ አበባም አስፈልግልሃለሁ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ለእርሳቸው የሚሆን ሁለት ኪሎ የአጋሮ ቡና በዚያው ልጅ እጅ ልኬያለሁ፤ ካልደረሰ ወዲያው አስታውቀኝ።

የማይረሳህ ወንድምህ፣
ከጅማ