የክርስትና ልጅህ ደኅና ነው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ቸሩ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከተጠያየቅን ዓመታት አልፈዋል፤ ምክንያቱን በአካል ስንገናኝ እንጨዋወተዋለን። ዛሬ የምጽፍልህ የክርስትና ልጅህ በበረራ ሥልጠና ላይ ሳለ የደረሰበትን አደጋ ተጋንኖ ከሌላ ሰው ሳትሰማው ብዬ ነው።

ልጁ ጭረት እንኳ አላገኘውም። የተጎዳችው ለብቻው ይዟት የወጣው ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ናት። ከከተማው ዳርቻ ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፍ ከኋለኞቹ ጎማዎች ይልቅ የፊተኛው ቀድሞ መሬት ነካና ነጠረች፤ ሊመልሳት መሪውን ወደፊት ሲገፋው በባሰ ኃይል ነጠረች፤ በሦስተኛው የፊት እግሯ ታጥፎ ፕሮፔለሯ አስፋልቱን ከተከተው። ሄጄ አየኋት። የፕሮፔለሩ ጫፎች ተጠቅልለዋል፤ ከሞተሩ በስተኋላ ያለው ግድግዳ ከታች በኩል እንደ ጨርቅ ተጨማዷል። ሞተሩም፣ መቼም ሃንጋር፣ የአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ፣ ውስጥ አብረን አርጅተናልና ታውቀዋለህ፣ ቢነሣ እንኳ ተፈትቶ ውስጡ ሳይመረመር አይበርም።

ጎረቤቱ ነፋስ ነው ይላል፤ እናቱ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ እሷን አልከራከርም። እኔ ግን የማስበው ከፍታውን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ቀትር ላይ የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት (ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሲያሳይ አውሮፕላኗ በእርግጥ የምትጓዘው ወደ 75 ኖት ተጠግታ ነው፤ ጀማሪው መሬቱ ከሥሩ ሲሮጥ አይቶ ይደነግጥና አፍንጫዋን ቀና አድርጎ ፍጥነቷ እስኪበርድ ከመጠበቅ ይልቅ ቸኩሎ ያስነካታል። ይህም ሆኖ የመጀመሪያው መንጠር ብዙ ጊዜ አውሮፕላን አይሰብርም፤ የሚሰብረው መንጠሩን በመሪው እየገፉ ማሳደዱ ነው። መድኃኒቱ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ፣ አፍንጫዋን አስተካክሎ እንደገና መነሣት፣ ማለትም ጎ አራውንድ ነው። ሞተሩ ግን በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ስለሚያጣ ውሳኔው በመጀመሪያው ንጥረት መሆን አለበት፤ ከዚያ በኋላ መንደርደሪያውም ፍጥነቱም ያልቃል። እንደ እኔ አስተያየት፣ አሠልጣኞቹ ማረፍን ደጋግመው የሚያለማምዱትን ያህል ማረፍን መተውን አያለማምዱም፤ ልጆቹም ተመልሶ መነሣትን እንደ ፈተና መውደቅ ያዩታል።

አሁን ትምህርቱን እተዋለሁ እያለ ነው። እኔ ስናገር አባቴ ስለሆነ ነው ብሎ አይሰማኝም፤ አንተን ግን ያከብርሃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤት አይጠፋምና እባክህ ደውልለት፤ ስለ ፍርሃቱ ሳይሆን ስለ አውሮፕላኗ ጠይቀው፤ የቀረውን ራሱ ያወራሃል።

ወንድምህ