በባሌት የወንድ ሥራ ሴት ማንሳት ብቻ አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፦

ባለፈው እትማችሁ በኪነ ጥበብ ዓምድ የወጣውን ስለ ሮማንቲክ ዘመን ባሌት የሚያወሳ ጽሑፍ አንድ ወዳጄ እዚህ ኮፐንሃገን ድረስ በስልክ ላከልኝ። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር መጻፉ ደስ ብሎኛል። ወዳጄ የላከልኝ ግን «ይኸው፣ አላልኩህም?» ብሎ ነው። በዚያ ዘመን ወንዱ ሴቷን ደግፎ ከማንሳት ያለፈ ሚና አልነበረውም የሚለውን አንቀጽ ሊያሳየኝ ፈልጎ ነው።

ጸሐፊው ያሉት ለፓሪስ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1832 ባለሪናዋ ማሪ ታግሊዮኒ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት ከጨፈረች ወዲህ ጭብጨባው ለሴቶቹ ሆነ፤ ቆይቶም የወንዱን ሚና የወንድ ልብስ የለበሱ ሴቶች እስከ መያዝ ደረሱ። ዴንማርክ ላይ ግን እንዲያ አልሆነም። የዴንማርኩ ጨፋሪና የባሌት ደራሲ ኦጉስት ቡርኖንቪል ፓሪስ ውስጥ ከታዋቂው ጨፋሪ ከኦጉስት ቬስትሪስ ተምሮ ተመለሰ፤ በ1836 የራሱን «ላ ሲልፊድ» ሲያቀርብም ዋናውን ወንድ ገጸ ባሕርይ፣ ጄምስን፣ ሆኖ የጨፈረው ራሱ ነው። በሥራዎቹ ወንዱ ከሴቷ እኩል ይዘላል።

ይህ ጉዳይ ቤቴ ድረስ የገባ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ዘንድሮ ከቡርኖንቪል «የጄንዛኖ የአበባ በዓል» የፓውሎን ቫሪዬሽን፣ ማለትም ወንዱ ብቻውን የሚጨፍረውን ክፍል፣ እየተማረ ነው። ሥራው በ1858 እዚሁ ከተማ የታየ ሲሆን ዛሬ በየአገሩ የሚጨፈረው የሮዛና የፓውሎ የጥንድ ጭፈራ ነው። ቫሪዬሽኑ አጭር ነው፤ ግን ትንፋሽ አይሰጥም።

እኔ በወጣትነቴ ጎንደር ውስጥ በኪነት ቡድን ስጨፍር የምናገረው በትከሻዬ ነበር። እዚህ ትከሻ ዝም ይላል። ክንድ ዝቅ ብሎ ከጭን ፊት ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ እግሮቹ ግን አየር ላይ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ። ፊት ላይ ድካም መታየት የለበትም። መንደርደሪያ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ልጁ ሲያርፍ ጉልበቱን የሚያጥፍባት ቅጽበት ራሷ የሚቀጥለው ዝላይ መነሻ ናት። ተረከዙ ወለሉን በደንብ ሳይነካ ከተነሣ መምህሩ ፒያኖውን ያስቆሙታል። በቀኝ የሠራውን ደግሞ በግራ መድገም አለበት፤ ቡርኖንቪል ለአንድ ጎን አያደላም። የልጄ ግራ ገና አልተገራም። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ሲደጋግመው ከመኝታ ቤት ሆኜ አዳምጣለሁ፤ ያልሆነለትን ከኮቴው አውቀዋለሁ፣ የሆነለት ድምፅ የለውም።

ይህን ልጅ በአንድ ዝግጅት ላይ አንድ ትልቅ ሰው በሰው ፊት «የሴት ነገር ትተህ ኳስ ተጫወት» ብለውታል። አንገቱን ደፍቶ ነው የመጣው። ጎንደር ላይ ወንድ ልጅ እስክስታ ሲወርድ ሴትነት ነው ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ስደት ላይ ይህን ከየት እንዳመጣነው ይገርመኛል፣ ያሳዝነኛልም።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ጸሐፊው የኮፐንሃገኑን ታሪክ ጨምረው እንዲጽፉልን ነው። ከ1842ቱ የቡርኖንቪል ባሌት ከ«ናፖሊ» ቢጀምሩ ይበቃል፤ በመጨረሻው ክፍል ታራንቴላ በሚባለው ፈጣን የጣልያን ጭፈራ ላይ ወንዶቹ ምን እንደሚሠሩ ይጻፍልን። ሲወጣ ለልጄ አነብለታለሁ፤ ለወዳጄም እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከኮፐንሃገን